ሰው ከክፍሎቹ ድምር ይበልጣል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ርዕስ በተነሳ ቁጥር የሚመላለሱት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከባዱ እንሄዳለን።

«ሰው ከክፍሎቹ ድምር ይበልጣል» ሲባል ምን ማለት ነው?

አንድን ሰው በሐሳባችሁ በትኑት። አጥንቱን በአንድ በኩል አስቀምጡ፣ ደሙን በሌላ። ጡንቻውን፣ ነርቩን፣ ትዝታውን፣ ጠባዩን ሁሉ ለየብቻ ደርድሩ። ዝርዝሩ ሲያልቅ ያ ሰው ተቆጥሮ አለቀ? ወይስ ዝርዝሩ ውስጥ ያልገባ ነገር አለ? ጥያቄው ይሄው ነው።

የኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር። ያልገባ ነገር አለ እላለሁ፤ ግን የተረሳ ተጨማሪ ዕቃ አይመስለኝም። የቀረው ክፍሎቹ የተያያዙበት መንገድና አብረው የሚሠሩት ሥራ ነው። «ልብ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። ሁለት ፊደል ነው፣ «ል» እና «ብ»። ቦታ አቀያይሯቸው፤ «ብል» ይሆናል። ምንም አልጨመርንም፣ ምንም አልቀነስንም። ግን አንዱ ደረት ውስጥ ይመታል፣ ሌላው ልብስ ይበላል። ልዩነቱን ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየመረመራችሁ ብትፈልጉት አታገኙትም።

ሰውነታችን ከምን ከምን ነው የተሠራው?

በክብደት ካየነው ወደ 65 በመቶው ኦክስጅን ነው። ካርቦን 18 በመቶ፣ ሃይድሮጅን 10 በመቶ፣ ናይትሮጅን 3 በመቶ አካባቢ ይይዛሉ። የቀረው ካልሲየም፣ ፎስፈረስና ትንሽ ትንሽ ሌላ ሌላ ነው። ከፍ ብለን በሴል ስንቆጥር አንድ አዋቂ ወደ 30 ትሪሊዮን የሚጠጉ የራሱ ሴሎች አሉት፣ ከዚያ የማያንስ ቁጥር ያላቸው ባክቴሪያዎችም አብረውት ይኖራሉ። አንጎል ውስጥ ብቻ ወደ 86 ቢሊዮን የነርቭ ሴሎች አሉ።

«እንግዲያው ሰው ተራ ኬሚካል ነዋ» የሚል ሰው አይጠፋም። ኬሚካሉማ ተራ ነው፤ አየር ላይም፣ ውሃ ውስጥም፣ አፈር ውስጥም ሞልቷል። ግን አልማዝና እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ግራፋይት ሁለቱም ካርቦን ብቻ ናቸው። አንዱ መስታወት ይቆርጣል፣ ሌላው ወረቀት ላይ ተፈርፍሮ ይቀራል። ከምን እንደተሠራ ማወቅ ምን እንደሆነ ማወቅ አይደለም። ይገርመኛል፣ አማርኛ «ሰውነት» ሲል አካልንም ሰው መሆንንም በአንድ ቃል ነው የሚጠራው።

«ሙሉው ከክፍሎቹ ድምር ይበልጣል» ያለው አርስቶትል ነው?

በሱ ስም ይዞራል፣ ግን ቃል በቃል እንዲህ አላለም። ያለው ይህን ይመስላል፦ ብዙ ክፍል ያለው ነገር ዝም ብሎ ክምር ካልሆነ በቀር፣ ሙሉው ከክፍሎቹ ሌላ የሆነ ነገር ነው። የሰጠውም ምሳሌ ከላይ ካነሳሁት ጋር ይቀራረባል፤ ፊደላት ተጣምረው የሚፈጥሩት ድምፅ ፊደላቱ ብቻ አይደለም ይላል።

«ይበልጣል» እና «ሌላ ነው» አንድ አይደሉም። «ይበልጣል» ካልን ያው ሒሳብ ውስጥ ነን፤ 10 ጠብቀን 11 አገኘን እንደማለት ነው፣ ወዲያው ደግሞ ያቺን 1 ፍለጋ እንገባለን። የሥነ ልቦና ሊቁ ኩርት ኮፍካ በ1935 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ይህን ለማረም ሞክሮ ነበር። ሙሉው ከድምሩ ሌላ ነው ማለት ይሻላል፣ መደመር ራሱ እዚህ ቦታ ትርጉም የለውም ብሎ ጽፏል። ከሱ በፊት ደግሞ በ1890 ኦስትሪያዊው ፈላስፋ ክርስቲያን ፎን ኤረንፌልስ የዜማን ነገር አንስቷል። አንድን ዜማ ከፍ ባለ ድምፅ ብትዘፍኑት እያንዳንዱ ኖታ ተቀይሯል፣ ግን ሰሚው «ያው ዜማ ነው» ይላል። ኖታዎቹን ሳትቀይሩ ቅደም ተከተላቸውን ብትበውዙ ግን ዜማው ይጠፋል። የዜማን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ታዲያ ያ «ሌላ» የሚባለው ነገር የት ነው ያለው?

ውሃ ያረጥባል። አንድ የውሃ ሞለኪውል ግን እርጥብ ነው አይባልም። እርጥበቱ የት ገባ? የትም አልገባም፤ ብዙ ሞለኪውሎች ተያይዘው ሲንሸራተቱና ሌላ ነገር ላይ ሲጣበቁ የሚሆነው ነገር ነው እርጥበት የምንለው። ጨውም እንደዚሁ። ሶዲየም ውሃ ሲነካው የሚፈነዳ ብረት ነው፣ ክሎሪን መርዛማ ጋዝ ነው፤ ሁለቱ ሲዋሃዱ ወጥ ላይ የምንነሰንሰው ነገር ይወጣል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል አይደል፤ አንበሳ የሚያስር ክር ብቻውን የትም የለም።

ይህ ማለት ግን የተፈጥሮ ሕግ ተሻረ ማለት አይደለም። የፊዚክስ ሊቁ ፊሊፕ አንደርሰን በ1972 ያነሳው ነጥብ እዚህ ላይ ይረዳናል፦ ሁሉም ነገር በመሠረታዊ ሕጎች ይመራል ብለን ብንቀበል እንኳ፣ ከነዚያ ሕጎች ተነስተን ላይ ያለውን ሁሉ መገንባት እንችላለን ማለት አይደለም። በየደረጃው አዲስ ነገር ይመጣል፤ አዲስ ጥያቄም ይፈልጋል። የአንድን ሰው እያንዳንዱን አቶም ብታውቁም «ለምን ወንድሙን ይቅር አለው?» ለሚለው መልስ አቶሞቹ ዝርዝር ላይ ተጽፎ አታገኙትም።

በ7 ዓመት ውስጥ ሰውነታችን ሙሉ በሙሉ ይቀየራል የሚባለው እውነት ነው?

በዚህ መልኩ እውነት አይደለም። ሁሉም ክፍል የራሱ ሰዓት አለው። የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን በጥቂት ቀናት ይታደሳል። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ገደማ ይቆያል። አጥንት ወደ 10 ዓመት ይወስድበታል። በተቃራኒው የጥርስ ውጫዊ ሽፋን አንዴ ከተሠራ አይታደስም፣ የዓይን ሌንስ መሃል ያለው ፕሮቲንም ከውልደት በፊት ጀምሮ አብሮን ያለ ነው። በ1950ዎቹና 60ዎቹ በተደረጉ የኑክሌር ቦምብ ሙከራዎች አየር ላይ የተበተነው ካርቦን 14 የሚባል የካርቦን ዓይነት ሴሎቻችን ውስጥ ገብቷል፤ ስዊድን ውስጥ በዮናስ ፍሪሴን የተመራ ቡድን ከ2005 ጀምሮ በዚህ እየለካ የሴሎችን ዕድሜ አስልቷል። በአንጎል ውጫዊ ክፍል ያሉ የነርቭ ሴሎች የሰውየውን ያህል ዕድሜ እንዳላቸው የታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

ግን አፈ ታሪኩ የሚነካው ነገር አለ። አብዛኛው ቁሳችን ይመጣል፣ ይሄዳል፣ እኛ ግን እንቀራለን። አሮጌውን የቴሴየስ መርከብ ታሪክ የሚያውቅ ያውቃል፦ ሳንቃዋ ሲበሰብስ እየተቀየረ እየተቀየረ ሁሉም አዲስ ሲሆን፣ ያቺው መርከብ ናት ወይ? ፈላስፎች ሲከራከሩባት ኖረዋል። እኔ ግን ስለ ሰው ሲነሳ አንድ ነገር ተረሳ እላለሁ። መርከብን የሚጠግናት ሌላ ሰው ነው። ሰውነት ግን ራሱ ነው ራሱን የሚጠግነው፣ ምግቡን አፍርሶ ሥጋ አድርጎ፣ ያረጀውን አውጥቶ። መርከቡም አናጺውም አንድ ናቸው። ለዚህ ነው የመርከቧ እንቆቅልሽ ለሰው ሙሉ በሙሉ የማይገጥመው።

እጁን ያጣ፣ ወይም የሌላ ሰው ኩላሊት የተተካለት ሰው «ያነሰ» ወይም «የተቀላቀለ» ሰው ነው?

አይደለም። ሰው ድምር ቢሆን ኖሮ መቀነስ ይሠራ ነበር፤ እጅ ሲሄድ በመቶኛ ይህን ያህል ሰው ሄደ እንል ነበር። ማንም እንዲህ አይልም፣ ቢልም ነውር ነው። የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገው በ1954 በመንታ ወንድማማቾች መካከል ነው። በ1967 ደግሞ ክርስቲያን ባርናርድ ኬፕ ታውን ላይ የአንዲት ሴትን ልብ ለአንድ ወንድ ተከለ። ሰውየው 18 ቀን ኖረ። በነዚያ ቀናት «እሱ ነው ወይስ እሷ?» የሚያስብል ነገር አልነበረም።

ይህን ስል ጉዳቱን እያቃለልኩ አይደለም። እጅ ማጣት ከባድ ነው፣ ሥራም ኑሮም ይቀየራል። የሚቀየረው ግን ኑሮው ነው፤ ሰውየው አልጎደለም።

ስለዚህ እኔ ማለት አንጎሌ ነኝ?

ብዙ ሰው ልብ ከተተካ አይቀየርም፣ እጅ ከተቆረጠ አይቀየርም ሲባል «አሃ፣ አንጎል ነዋ!» ይላል። ምክንያት አለው። በ1848 አሜሪካ ውስጥ የባቡር ሐዲድ ሥራ ላይ የነበረው ፊንያስ ጌጅ፣ ከአንድ ሜትር በላይ የሚረዝም ብረት በፍንዳታ ተወርውሮ ከጉንጩ ስር ገብቶ በአናቱ ወጣ። ሰውየው ተረፈ። የሚያውቁት ግን ጠባዩ ተለውጦ «ጌጅ ጌጅ አይደለም» አሉ። ይህ ታሪክ በየመጽሐፉ አለ። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ቀጣዩ ነው፦ በኋላ ቺሌ ሄዶ ለዓመታት የፈረስ ሠረገላ ነድቷል፣ ያም ትዕግሥትና ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ ነው። የሞተው በ1860 ነው። እንደገና ኑሮ ሠርቷል ማለት ነው።

አንጎል ከሌላው ክፍል ሁሉ የተለየ ቦታ አለው፣ በዚህ አልከራከርም። ግን ክፍል ነው። ምሳ የሚበላው ሆዴ አይደለም፣ እኔ ነኝ በሆዴ። እንደዚሁ የሚያስበውም አንጎሌ አይደለም፣ እኔ ነኝ በአንጎሌ። አማርኛ እዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር አለው። «ራሴን አመመኝ» ስል ራስ ክፍል ነው፤ «ራሴ ሠራሁት» ስል ሙሉው ሰው ነው። ደግሞ ራስ ብቻውን አይደለም የሚሾመው፦ ሆዴ ባባ እንላለን፣ አንጀቴን በላው እንላለን፣ ልቤ አልወደደውም እንላለን። ሰውየውን ለመጥራት ግማሹ አካል ተራ በተራ ይወከላል። የቋንቋ ልማድ ማስረጃ አይሆንም፣ ግን ሰው ራሱን የሚያውቀው ከላይ እስከ ታች እንደሆነ ያስታውሰናል።

ትዝታውን ያጣ ሰው ያው ሰው ነው?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ስላለ ነው የሚጠይቀው፤ ስለዚህ ቀስ ብዬ ልመልስ። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ማንነትን ከማስታወስ ጋር አያይዞት ነበር፦ ትናንት ያደረግኩትን እንደራሴ ሥራ አድርጌ ካወቅኩት፣ ያ ሰው እኔ ነኝ። ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ቶማስ ሪድ በ1785 እንዲህ ሲል ሞገተው። በልጅነቱ የተገረፈ፣ ጎልምሶ ጀግና መኮንን የሆነ፣ ሸምግሎ ጄኔራል የሆነ ሰው አለ እንበል። መኮንኑ ግርፋቱን ያስታውሳል። ጄኔራሉ መኮንን ሳለ የሠራውን ያስታውሳል፣ ግርፋቱን ግን ረስቷል። በሎክ መንገድ ከሄድን ጄኔራሉ ያ ልጅ አይደለም፤ ግን ጄኔራሉ መኮንኑ፣ መኮንኑም ልጁ ስለሆነ፣ ደግሞ ነው። የማይሆን ነገር ነው።

ትዝታ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። በ1953 ሄንሪ ሞላይሰን የሚባል አሜሪካዊ የሚጥል በሽታውን ለማከም ከአንጎሉ ጥቂት ክፍል ተወሰደለት። ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር መያዝ አቃተው፤ ያገኘውን ሰው ትንሽ ቆይቶ አያውቀውም። ተመራማሪዋ ብሬንዳ ሚልነር በመስታወት እያየ ኮከብ እንዲሥል ሰጠችው። በየቀኑ «ይህን ሠርቼ አላውቅም» ይላል። እጁ ግን በየቀኑ እየተሻለው ሄደ። አፉ የማያውቀውን እጁ ያውቅ ነበር።

አያቴ መጨረሻዋ አካባቢ ስሜን አታውቅም ነበር። አንዳንዴ የማን ልጅ እንደሆንኩ ትጠይቀኛለች፣ እነግራታለሁ፣ ደስ ይላታል፣ ትረሳዋለች። አጠገቧ ስቀመጥ ግን እጇን ዘርግታ ኮሌታዬን ታስተካክል ነበር። ልጅ ሆኜ በር ላይ ስታደርገው እንደነበረው፣ በዚያው አኳኋን፣ መጨረሻ ላይ በመዳፏ መታ አድርጋ። ማን እንደሆንኩ ሳታውቅ ትንከባከበኝ ነበር። ስለዚህ «ያው ሰው ናት ወይ?» ስባል አዎ ነው መልሴ፤ ስላዘንኩ ብቻ አይደለም እንዲህ የምለው። አንድ ሰው ራሱ የሚያስታውሰው ብቻ አይደለም። እጁ የለመደው አለ፣ ሌሎች ስለሱ የያዙለት አለ። የአያቴን ታሪክ እሷ መያዝ ሲያቅታት እኛ ያዝንላት። ታሪኩ ግን የሷ ነው።

ነፍስ 21 ግራም ትመዝናለች ይባላል፤ ተረጋግጧል?

አልተረጋገጠም። የመጣው ከአሜሪካዊው ሐኪም ደንከን ማክዱጋል ነው። በ1907 ባሳተመው ሙከራ 6 ሰዎችን ሲሞቱ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ለካ። 21 ግራሙ የአንዱ ሰው ብቻ ነው፤ የሌሎቹ ወይ አልተለኩም፣ ወይ ሌላ ቁጥር ሰጡ። በዚህ ላይ ምንም መቆም አይችልም።

ለኔ ከቁጥሩ ይልቅ ሐሳቡ ነው የሚያሳዝነኝ። ሰውየው ከድምሩ የተረፈውን ነገር ፍለጋ ሚዛን ይዞ ወጣ፤ ማለትም እንደ አንድ ተጨማሪ ዕቃ ቆጠረው። ነፍስ አለች ብሎ የሚያምን ሰውም ቢሆን በግራም ትለካለች ብሎ አያምንም።

ታዲያ ነፍስ የለችም እያላችሁ ነው?

አላልኩም። ከላይ የጻፍኩት ሁሉ ይህን አይወስንም። ፕላቶ ነፍስ ከሥጋ ተለይታ የምትኖር ናት ብሎ ያስተምር ነበር። ተማሪው አርስቶትል ግን ነፍስ የሕያው አካል ቅርጽና ሕይወት ናት አለ፤ ዓይን እንስሳ ቢሆን ኖሮ ነፍሱ ማየት ትሆን ነበር ይላል። ቶማስ አኲናስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የአርስቶትልን ሐሳብ ይዞ፣ ነፍስ ከሞት በኋላም ትኖራለች የሚለውን ሳይተው ለማስማማት ሞክሯል። እንግዲህ «ሰው ከክፍሎቹ ሌላ ነው» የሚለው አማኝንም የማያምንንም ያስማማል። የሚለያዩት ከሞት በኋላ ምን ይሆናል የሚለው ላይ ነው፣ ያንን ደግሞ የሴል ቆጠራ አይመልስም።

ምናልባት ሰው የሚባል ነገር ጭራሽ ባይኖርስ? ክፍሎቹ ብቻ ቢሆኑስ?

ይህ ቀልድ አይደለም፣ ጥንታዊ አቋም ነው። በቡድሃ እምነት መነኩሴው ናጋሴና ከንጉሥ ሚሊንዳ ጋር ያደረገው ንግግር አለ። ናጋሴና ሠረገላን ምሳሌ አድርጎ ንጉሡን ይጠይቀዋል፦ ሠረገላው መንኰራኩሩ ነው? አይደለም። ዘንጉ ነው? አይደለም። የላይኛው አካሉ ነው? አይደለም። እንግዲያው ሠረገላ የት አለ? «ሠረገላ» ለነዚህ ነገሮች ጥምረት የሰጠነው መጠሪያ ብቻ ነው፤ «ናጋሴና» የሚለውም እንደዚሁ። ከብዙ ዘመን በኋላ ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ሂዩም በ1739 ወደ ራሱ ውስጥ ሲመለከት ሙቀት፣ ብርድ፣ ፍቅር፣ ጥላቻ አገኘ እንጂ «እኔ» የሚባል ነገር ለብቻው አላገኘም።

እነሱ ትክክል የሆኑበት ነገር አለ፦ ክፍሎቹን አልፈን ብንሄድ መጨረሻ ላይ የተደበቀ ትንሽ ሰውዬ አናገኝም። ግን ከዚህ ተነስቶ «ስለዚህ ማንም የለም» ማለት ለኔ ዝላይ ነው። ሠረገላው ስም ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ የተቆለሉ መንኰራኩሮች ላይ ወጥተን መሄድ በቻልን ነበር። ተገጣጥሞ ሲሄድ ብቻ ነው የሚሄደው። ሂዩምም ሲፈልግ የነበረው ማን ነው?

እያንዳንዱ አቶሜ ተገልብጦ ሌላ ቦታ ቢሠራ፣ ያ ሰው እኔ ነኝ?

ከሁሉ ከባዱ ይሄ ነው። በተግባር ገና ሩቅ ነን። 302 የነርቭ ሴል ብቻ ያላት አንዲት ጥቃቅን ትል የነርቭ ካርታዋ በ1986 ወጥቷል፣ እስከ ዛሬ ግን ከካርታው ብቻ ተነስቶ ትሏን ሙሉ በሙሉ መተንበይ አልተቻለም። በ2024 የአንዲት ዝንብ ሙሉ አንጎል ካርታ ወጣ፣ ወደ 139 ሺህ ሴል። ከዚያ እስከ 86 ቢሊዮን መንገዱ ረጅም ነው። ግን ፈላስፋው ዴሪክ ፓርፊት በ1984 እንዳደረገው፣ ይቻላል ብለን እናስብ።

እዚህ ላይ የራሴ ሐሳብ ራሴ ላይ ይመጣል። ሰው አቀማመጥ ነው ካልኩ፣ አቀማመጡ በትክክል ከተገለበጠ ያ ሰው እኔ መሆን አለበት። ትዝታዬን ሁሉ ይዟል፣ የአያቴን መዳፍ ያስታውሳል፣ «እኔ ነኝ» ብሎ በሙሉ ልቡ ይምላል። አይዋሽም። ግን እኔም እዚሁ ተቀምጫለሁ። ሁለታችን አንድ ሰው ልንሆን አንችልም፣ ምክንያቱም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እሱ የሚያየውን ግድግዳ እኔ አላየውም።

ስለዚህ የዜማው ምሳሌ እስከዚህ ድረስ ነው የሚያደርሰኝ። አቀማመጥ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው፤ ሳይቋረጥ የመጣ አንድ ኑሮ ይፈልጋል፣ ያ አካል ራሱን እየጠገነ የመጣበት ያ መንገድ። ግልባጩ ሙሉ ሰው ነው፣ ክብር ይገባዋል፣ ግን ሌላ ሰው ነው። አንድን ዜማ እዚህም እዚያም በአንድ ሰዓት መጫወት ይቻላል፣ ሁለቱም ያው ዜማ ናቸው። የግልባጩን ጥርስ ቢያመው ግን እኔን አያመኝም።